እግሩን ሳላይ የተከራከርኩለት ሰው

ባለፈው ዓመት የጥብቅና ፈቃዴን መለስኩ። ዓይኔ ደክሟል፤ የፍርድ ቤት ደረጃ መውጣቱም ከብዶኛል። ፈቃዱን የተቀበለችኝ ወጣት ሠራተኛ ፎርም እየሞላች፣ በአብዛኛው በምን ዓይነት ጉዳይ ላይ እንደሠራሁ ጠየቀችኝ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች ስከራከር ነው የኖርኩት አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ፎርሙ ላይ እንደዚያ የሚል ቦታ እንደሌለ ነገረችኝ። «የቤተሰብ ጉዳይ» በሚለው ላይ ምልክት አድርጋ አሰናበተችኝ።

አልፈረድኩባትም። እኛ በደርግ ጊዜ ስንጀምር ነገሩ ደህና ስም እንኳ አልነበረውም። ማመልከቻ ላይ «ጅል»፣ «ፈዛዛ»፣ «አእምሮው ያልሞላ» እየተባለ ነበር የሚጻፈው። የሚመጣልን ሰው ወይ ባልገባው ነገር ተይዞ የታሰረ ነው፤ ወይ ባልገባው ወረቀት ላይ ጣቱን አስነክተው ቤቱን የወሰዱበት ነው፤ ወይ ደግሞ ዘመድ ችሎታ የለውምና አሳዳሪ ልሁንለት ብሎ የሚከራከርበት ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ይመር ናቸው። ጥሩውን ሁሉ ከእሳቸው አገኘሁ። ጥፋቱን ግን ራሴ ጨመርኩበት፤ ይህን የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ጋሽ ይመር በንጉሡ ጊዜ ዳኛ ነበሩ። አብዮቱ ሲመጣ ከወንበራቸው ተነሡ፣ ጥቂት ወራት ታሰሩ፣ ከዚያ ተፈቱ። ለምን እንደታሰሩም ለምን እንደተፈቱም የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኔ በጸሐፊነት ስቀጠር ደሴ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ጥብቅና ከፍተው ነበር። ደመወዜ ትንሽ ናት፤ የጽሕፈት መኪናዋም አሮጌ ስለነበረች አንዳንዱን ፊደል ስትመታ ወረቀቱን ትበሳው ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ከእኔ ጋር ሻይ እንኳ አይጠጡም። ቀበሌው አስቀምጦብኝ ይሆናል ብለው እንደጠረጠሩኝ በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። እኔም እጠረጥራቸው ነበር፤ ታስሮ የተፈታ ሰው ያለ ነገር አይፈታም ይባል ነበርና። አንድ ዓመት ያህል እንዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንተያይ ቆየን። ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ የባለጉዳይ ስም አይጽፉም። «ባለ ቀይ ሻሿ»፣ «የወፍጮ ቤቱ ልጅ» ብለው ይጽፋሉ። ደብተሩ ቢወሰድ ማንንም እንዳያስይዝ ነው።

ወረቀት ሲሰጧቸው ከታች ወደ ላይ ነው የሚያነቡት። መጀመሪያ ፊርማውን ወይም የጣት አሻራውን፣ ቀጥሎ የምስክሮቹን ስም፣ ከዚያ ቀኑን፣ በመጨረሻ ጉዳዩን። ሰው ውሸቱን ከላይ ያሳምረዋል፣ ከታች ሲደርስ ይደክመዋል ይሉ ነበር። አሻራውን በአጉሊ መነጽር ያዩና ጣቱ ወዴት እንደሄደ ይፈልጋሉ። ወዶ ያተመ ሰው ጣቱን ቀጥ አድርጎ ያነሣዋል፤ እጁን ይዘው ያሳተሙት ሰው አሻራ ግን ወደ ጎን ይሸሻል። ይህን ለማየት እኔ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ዘመድ ይዞት የመጣውን ሰው ዘመዱ ባለበት አያናግሩትም። ዘመድየው ውጭ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ በሩ ግን አይዘጋም። ከዚያ ጋሽ ይመር ከሰውየው ጋር ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ግማሽ ሰዓትም ይሁን አንድ ሰዓት ይቆያሉ። ምን እንደሚነካ፣ ምን እንደሚሸሽ፣ ወደ በሩ ሲያይ ፊቱ ምን እንደሚሆን ያያሉ። አዎ የሚያሰኝ ጥያቄ አይጠይቁም። ምክንያቱን የተረዳሁት በሙሄ ጉዳይ ነው።

ሙሄ ለሰፈሩ ውሃ እየቀዳ የሚያድር፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነበር። ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ ሰው ሲቆጣው ደግሞ ጭራሽ አይገባውም። አንድ ቀን ከቀበሌው ግድግዳ ላይ መፈክር የተጻፈበት ወረቀት ተቀዶ ተገኘና እሱ ተያዘ። አንተ ነህ ወይ ሲሉት አዎ አለ። እገሌ ነው የላከህ ሲሉት አዎ አለ። ሌላ ስም ሲጠሩለትም አዎ አለ። በእሱ ቃል ሌሎች ሁለት ሰዎች ሊታሰሩ ነበር።

ጋሽ ይመር በችሎት ፊት ሙሄን ለመጠየቅ ፈቃድ ለመኑ።

«ወረቀቱን የቀደድከው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ወረቀቱን አልነካህም፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ይህን ፍርድ ቤት የሠራኸው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«እኔን የወለድከኝ አንተ ነህ?»

«አዎ» አለ ሙሄ፣ እሳቸውን ደስ ያሰኘ መስሎት።

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው አልሳቁም። እንዲህ ያለ ቃል ማስረጃ አይሆንም ብለው በዋስ ለቀቁት፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም መዝገቡ ተዘጋ። እኔ ከደስታዬ ብዛት እግሬ መሬት አልነካም። ጋሽ ይመር ግን ደስ አላላቸውም። ሰው ሲስቅበት ሙሄም አብሮ ሲስቅ አይተውት ኖሯል። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ቧንቧው ወርደው፣ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ሁሉ እያዩ፣ በሰው ፊት አሳቅኩብህ፣ አውፍ በለኝ ብለው ይቅርታ ለመኑት። ሙሄም አዎ አላቸው። ከዚያ ወዲያ ያንን ጥያቄ በችሎት ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ በትርፍ ጊዜዬ ተምሬ፣ ተፈትኜ የጥብቅና ፈቃድ አወጣሁ። ጋሽ ይመር በዚያችው ክፍል ሌላ ጠረጴዛ አስገቡልኝ። ራሴን ችዬ የያዝኩት የመጀመሪያው ከባድ ጉዳይ የመጣው ከኮምቦልቻ ነው።

ባለጉዳዩ አቶ ሰይድ ይባላሉ። ልብሳቸው የተተኮሰ፣ አነጋገራቸው የሰከነ ሰው ናቸው። ወንድማቸው ሞቶ አህመድ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ትቷል። አህመድ ሲፈጠር ጀምሮ ነገር አይገባውም፤ ሰው የተናገረውን የመጨረሻ ቃል መልሶ ከማለት በቀር አይናገርም። ያለው በእንጀራ እናቱ በወይዘሮ ዘይነባ እጅ ነው። እሷ ደግሞ በገመድ ታስረዋለች አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እኔ የሥጋ አጎቱ እያለሁ እንደ ጥጃ ታስሮ አይውልም፤ አሳዳሪነቱ ለእኔ ይሰጠኝ አሉ። የቀበሌ ደብዳቤና የሦስት ምስክሮች ቃል በአንድ ማኅደር አዘጋጅተው ይዘዋል።

ክሱን መሥርቼ፣ መጥሪያው ከደረሰ በኋላ ነገሩን በዓይኔ ለማየት ኮምቦልቻ ወረድኩ። ቤቱ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ተሳቢ መኪና ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ወይዘሮ ዘይነባ ቅመም ሊሸጡ ወጥተዋል። አህመድ ደጃፉ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ከግራ እግሩ የተነሣ ገመድ ከበረንዳው ምሰሶ ጋር ታስሯል።

«አህመድ ነህ?» አልኩት።

«ነህ» አለኝ።

በንዴት አምስት ደቂቃ እንኳ ሳልቆይ ወጥቼ ወደ ደሴ የምትመለስ አውቶቡስ ያዝኩ።

ያየሁትን ለጋሽ ይመር ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና እግሩን አየኸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ገመዱን አይቻለሁ፣ ይበቃል አልኳቸው።

«እግሩን ነው የጠየቅኩህ። ቁስል አለው? ገመዱ ቆዳውን ነው የሚነካው ወይስ ጨርቅ አለበት? ርዝመቱስ ከጥላ ወደ ውሃ ያደርሰዋል?»

አንዱንም አላየሁም ነበር። የአቶ ሰይድን ማኅደር እንደ ልማዳቸው ከታች ወደ ላይ አነበቡት። ሦስቱ ምስክሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ብዕር፣ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ነገር መናገራቸውን በጣታቸው አሳዩኝ። ይኸ ወረቀት ስሕተት የለበትም፣ የእውነተኛ ሰው ወረቀት አንድ ስሕተት አያጣም አሉ። ወይዘሮ ዘይነባ ባሉበት ቀን ተመልሼ እንዳየው መከሩኝ። አልሄድኩም።

ለምን እንዳልሄድኩ እውነቱን ልጻፍ። ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ወይዘሮ ዘይነባ መጥሪያውን ይዘው ቢሮው ደጃፍ መጥተው ነበር። ጋሽ ይመር ደጅ ቆመው ለረጅም ጊዜ ሲያነጋግሯቸው በመስኮት አየሁ። ሲገቡ ምን እንዳሏቸው አልነገሩኝም፤ እኔም ኮርቼ አልጠየቅኳቸውም። ልቤ ግን ሸፈተ። ሽማግሌው የሴትየዋ ዘመድ ይሆኑ? ወይስ አቶ ሰይድ ከቀበሌው ሰዎች ጋር ስለሚውሉ ፈርተው እኔን ሊያስተዉኝ ነው? መጠርጠርን ያስተማሩኝን ሰው በገዛ ትምህርታቸው ጠረጠርኳቸው። አቶ ሰይድን ግን አልጠረጠርኩም፤ ከገመዱ ወዲያ ማየት አቅቶኝ ነበር።

ወይዘሮ ዘይነባ ችሎት የቀረቡት ያለ ጠበቃ ነው። እኔ ተነሥቼ ሰው ማሰር የሚችለው ሕግ ብቻ ነው አልኩ። ቤቱ በሟች ስም ስለሆነ፣ ልጁ በእጃቸው እስካለ ቤቱም በእጃቸው ይቆያል፤ የያዙት ልጁን ሳይሆን ቤቱን ነው አልኩ። ይህን ስል የሰው ዓይን ወደ እሳቸው ሲዞር አይቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል።

ዳኛው መልስ እንዳላቸው ጠየቋቸው።

«ጌታዬ፣ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። መኪና ይወዳል። ድምፁን ሲሰማ ሮጦ ይገባበታል፤ ሁለት ጊዜ አላህ አትርፎልኛል። የማስረው ገበያ ስሄድ ነው፤ ስመለስ እፈታዋለሁ። ገበያ ካልሄድኩ ምን ይበላል?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

ዳኛው ጠበቃን መጠየቅ እንደማይቻል ነገሯቸው። እኔም መልስ ከመስጠት ዳንኩ።

አህመድ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የራሱን ጣቶች ያያል። ስለ እሱ ግማሽ ቀን ስከራከር አጠገቡ አንድ ደቂቃ አልተቀመጥኩም። ፍርዱ ለአቶ ሰይድ ሆነ። እጁን ይዘው ሲወስዱት ዘወር ዘወር እያለ ነበር የሚሄደው። እኔ ነጻ ያወጣሁት ሰው ሲሄድ እያየሁ ቆምኩ።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ወይዘሮ ዘይነባ ቢሮ መጡ። እንዲቀመጡ ወንበር ስስብላቸው አልተቀመጡም።

«ልጄን የት ነው ያደረስከው?» አሉኝ።

በችሎት «እርስዎ» ያሉኝ ሴት «አንተ» አሉኝ። እስከ መጨረሻውም አንተ እንዳሉኝ ቀሩ።

ያኔ የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ የነበረበት ጊዜ ነው። በአቶ ሰይድ ቀበሌ ከየቤቱ አንድ ጎረምሳ ይሰጥ ተብሎ ነበር። አቶ ሰይድ ከማል የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፤ ከአህመድ ጋር እኩያ ነው። በፍርድ ቤት ውሳኔ አህመድም የዚያ ቤት ልጅ ሆኗል። የሰጡት እሱን ነው።

በዚያው ቀን ኮምቦልቻ ወረድኩ። የቀበሌው ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ። አህመድ በፈቃዱ እንደሄደ ይላል። ከሥሩ አሻራ አለ፤ አሻራው ወደ ጎን ሸሽቷል። ከአሻራው ሥር አቶ ሰይድ እንደ አሳዳሪ ፈርመዋል። ከእሱ ጋር የተያያዘው እኔ ያስፈረድኩት ውሳኔ ግልባጭ ነው፣ ማኅተሙ ሳይቀር።

አቶ ሰይድን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። በስብሰባ ፊት ተጠይቆ ተስማምቷል አሉኝ፣ ዓይናቸው ሳይርገበገብ። ምን ተብሎ እንደተጠየቀ ጠየቅኩ። አገርህን ታገለግላለህ፣ እሺ? ነው ያሉት። እሱም እሺ አለ። ከማል በጓዳው በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

ከዚያ በኋላ ከጋሽ ይመር ጋር ሆነን ያላንኳኳነው በር የለም። አንድ መኮንን ማመልከቻዬን እንኳ ሳይጨርሰው፣ በዚህ ወራት አገሩ ሁሉ ጅል ሆኗል ብሎ ሳቀብኝ። ስንቱ ላለመዝመት አፉን ከፍቶ ለሐጩን ያዝረከርካል፤ አንተስ ለማን ነው የምትሠራው አለኝ። ስሜን ጻፈ። ለብዙ ሳምንታት ልብስ ሰፊው በር ላይ የማላውቀው ሰው ቆሞ ባየሁ ቁጥር የመጣው ለእኔ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ይመር አብሽር፣ አይዞህ ይሉኛል። አስጠንቅቄህ ነበር የሚል ቃል ግን አንድ ቀን ከአፋቸው አልወጣም። ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

ወሬውን ያገኙት ራሳቸው ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው። ገበያ ላይ አንድ ጨው ነጋዴ፣ ደጋን ከምትባል ከተማ አጠገብ ሰው የተናገረውን መልሶ የሚናገር እንግዳ ሰው መኖሩን ሲያወራ ሰሙ። ከወንበሬ አስነሥተው ይዘውኝ ሄዱ። ስንወጣ ጋሽ ይመር የመከሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንተ ብዙ አትናገር።

አህመድን ያገኘነው ከደጋን ትንሽ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ ፋጡማ በሚባሉ ሴት ቤት ነው። እሱ ውሃ ሊቀዳ ወርዶ ስለነበር መጀመሪያ የተቀበሉን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው። የሆነውን ነገሩን። ማሰልጠኛው ውስጥ ለግዳጅ እንደማይሆን አውቀው፣ ወረቀት ሰጥተው በተመላሽ መኪና ጭነውታል። ሾፌሩ ደጋን ላይ አቁሞ እዚህ ነው? ብሎ ጠየቀው። ነው አለ። አወረደው። ፋጡማ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሲመሽበት አይተው ወሰዱት፤ ይኸው አንድ ወር አለፈው።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ። አሳዳሪ በሚለው ላይ የተጻፈው የአቶ ሰይድ ስም ነው። ሁለት ጊዜ መልእክት ልከውላቸው አልመጡም። ለምን እንዳልመጡ እኔ አወቅኩት፤ አህመድ ከተመለሰ በእሱ ምትክ ከማል ለውትድርና ይጠየቃል።

«እዚህ ላይ የአንቺ ስም የለም» አሏቸው ወይዘሮ ዘይነባን። «የማላውቀውን ሰው ለማላውቀው ሰው እንዴት አሳልፌ እሰጣለሁ? ነገ ሌላው መጥቶ ቢጠይቀኝስ?»

ትክክል ነበሩ። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን እንዲሁ ነበር የምለው። ምክሩን ትቼ ተናገርኩ፤ ፍርዱን ያስፈረድኩት እኔ እንደሆንኩ፣ የተሳሳትኩትም እኔ እንደሆንኩ በመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት አስረዳሁ።

«ያኔ የተናገርከው ልክ ካልሆነ፣ የአሁኑን በምን አምናለሁ?» አሉኝ።

ወደ ወይዘሮ ዘይነባ ዞርኩ።

«አይመኑት» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። «እኔም አላምነውም። ስለ ልጁ እኔን ይጠይቁኝ።»

ሊቀመንበሩም ጠየቋቸው። ወይዘሮ ዘይነባ መሬት ላይ ተቀምጠው በዝግታ ተናገሩ። ትኩስ ነገር አይበላም፤ እስኪቀዘቅዝ ሳህኑን በሁለት እጁ ከልሎ ይጠብቃል። ነጎድጓድ ሲሰማ ጆሮውን ሳይሆን ዓይኑን ነው የሚይዝ። ሲተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። ስሙን ቢጠሩት አይዞርም፤ መሬቱን በእግር መታ ሲያደርጉለት ግን ይዞራል። ፋጡማ በእያንዳንዱ ቃል ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ስለ መሬቱ ሲሰሙ፣ እኔስ ደንቆሮ መስሎኝ ነበር፣ ብለው በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ በዚያ ሁሉ ክርክር ከእነዚህ ነገሮች አንዷን እንኳ ለማወቅ አልሞከርኩም ነበር።

ይህን ስንባባል አህመድ ውሃ ይዞ መጣ። ሊቀመንበሩ ይችን ሴት ታውቃታለህ ወይ ብለው ጠየቁት። «ወይ» አለ። ደግመው ሊጠይቁት ሲሉ ለመንኳቸው፤ አይጠይቁት፣ ዝም ብለን እንቀመጥ አልኩ። ተቀመጥን። አህመድ ውሃውን አስቀመጠ። እያንዳንዳችንን አየ። ወደ ወይዘሮ ዘይነባ አልሮጠም፤ አላቀፋቸውም። አጠገባቸው የነበረውን ዘንቢል አየ፣ ጎንበስ ብሎ አነሣና ወደ ፋጡማ ቤት ይዞት ገባ።

«ከገበያ ስመለስ እንዲህ ነው የሚያደርግልኝ» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

ሊቀመንበሩ ወረቀት አስመጡ። ጠበቃው ቀድሞ የተናገረውን መሻሩንና ለሚመጣው ሁሉ ተጠያቂ መሆኑን አስጻፉብኝ፤ ፈረምኩ።

መንገድ ዳር አውቶቡስ ስንጠብቅ ከሩቅ የተሳቢ መኪና ድምፅ ተሰማ። አህመድ ብድግ አለ። ወይዘሮ ዘይነባ ቀድመው የነጠላቸውን ጫፍ እጁ ላይ ጠምጥመው ይዘዋል። መኪናው እስኪያልፍ አልለቀቁትም። ካለፈ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ይኸንንም ክሰሰኝ» አሉ።

ያኔ ነው ጎንበስ ብዬ እግሩን ያየሁት። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የገመድ ምልክት የለም፤ የዳነ ጠባሳ እንኳ የለም። ተረከዙና ጣቶቹ ላይ ግን ልኩ ያልሆነ የወታደር ጫማ የላጠው ቁስል ነበር፤ ገና አልሻረም።

ፍርዱን ለማስለወጥ ከዓመት በላይ ፈጀ። የተከራከሩት ጋሽ ይመር ናቸው፤ እኔ ምስክር ሆኜ ቆምኩ። የገዛ መምህሬ ሲጠይቁኝ እግሩን ሳላይ መከራከሬን ለችሎቱ ተናገርኩ። አሳዳሪነቱ ለወይዘሮ ዘይነባ ተመለሰ። ከዚያ ጋሽ ይመር ለቀበሌው አንዲት አጭር ማመልከቻ አስጻፉኝ፤ ከአስፋልቱ በኩል አጥር ይታጠር፣ በሩም ወደ ጀርባ ይዙር የምትል። ተፈቀደ። ጎረቤት ተረዳድቶ በሁለት ቀን አጠረው። ገመዱም ከዚያ ወዲያ አላስፈለገም። ያችን ማመልከቻ በመጀመሪያው ቀን መጻፍ እችል ነበር። ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ስለ ማንም ሰው ከመከራከሬ በፊት አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ባለጉዳዮቼ ሥራ የፈታሁ ይመስላቸው ነበር።

በሚቀጥለው ምዝገባ ከማል ሄደ። አልተመለሰም። መርዶው ሲመጣ እኔም ለቅሶ ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ አልሄድም ብዬ ነበር፣ ጋሽ ይመር ተቆጥተው ላኩኝ። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ወይዘሮ ዘይነባን በሴቶቹ በኩል ተቀምጠው አገኘኋቸው። አህመድ ለለቀስተኛው ውሃ ያድላል። አቶ ሰይድ ጣሳውን ከእጁ ሲቀበሉ አየሁ፤ አልጠጡትም፣ ይዘውት ቆዩ።

ወይዘሮ ዘይነባን ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። ልጁን ያመጡት ለአቶ ሰይድ ሊያሳዩ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ይኸው የኔ ቆሟል ሊሏቸው፣ ያውም በዚህ ቀን። ፊታቸው ላይ ያንን ፈለግኩ። ስንወጣ አላስችል አለኝና ለምን እንደመጡ ጠየቅኳቸው።

«ልጅ ሞቶበታል» አሉኝ።

የአህመድን እጅ ይዘው በጓሮ በኩል ባለው መንገድ ሄዱ። እኔ የሰውን ቃል ሳልገለብጥ የማላምን ሰው ነኝ፤ ሥራዬም ይኸው ነበር። ያችን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ስገለብጣት ኖሬአለሁ። ከሥሯ ሌላ ነገር አላገኘሁም።